ጣራን ማን ያየዋል?

«ኮርኒሱ ጀሶ ነው፤ ዙሪያውን ጌጥ አለው፤ መብራቱም ውስጥ ለውስጥ ነው።»

ጊዮርጊስ አካባቢ የኪራይ ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይህን የደላላ ዝማሬ በቃሉ ይወጣዋል። ደላላ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አያወራም። መጸዳጃ ቤቱን ስንት አባወራ እንደሚጋራው አያወራም። ጣራው በሐምሌ ምን እንደሚመስልማ ጭራሽ አያነሳም። እጁን ወደ ላይ ያነሳና «እዩት!» ይላል፤ እኛም አንገታችንን ቀና አድርገን እናያለን፤ እንደነቃለን፤ እንከፍላለን።

ይህ ጽሑፍ በዚያ ቀና ባለ አንገት ላይ የቀረበ ክስ ነው። ከተከሳሾቹ መካከል እኛም አለንበት።

«እናንተ የተማራችሁ ልጆች ምረጡልኝ»

ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ሦስት ሆነን ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቀለም የተቀባ ቺፕውድ ነው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አከራያችን እትዬ ቤቱን ሊያሳምሩት እንዳሰቡ ነገሩን። ደስ አለን። ኮርኒሱና ግድግዳው በሚገናኙበት ዙሪያውን የጀሶ ጌጥ ሊያስደርጉ ነው። «እኔ ምን አውቃለሁ፤ እናንተ የተማራችሁ ልጆች ምረጡልኝ» አሉን። ሱቅ ለሱቅ ዞርን፤ መረጥን።

ምን መረጥን? ስፋቱ አንድ ስንዝር የሚሆን፣ ቅጠላ ቅጠል የተቀረጸበት፣ ለቤተ መንግሥት አዳራሽ የተሠራ የሚመስል ጠርዝ። ከመካከላችን ረጅሟ ክንዷን ስትዘረጋ ኮርኒሱን ልትነካ ጥቂት በሚቀራት ክፍል ውስጥ ያንን ሰቀልን። ሥራው ሲያልቅ ፎቶ አንስተን ለጓደኞቻችን ላክን። «ቤተ መንግሥት ገባችሁ እንዴ?» አሉን። ወደድነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናዘዝ ብናልፍ ክሱ ሐሰት ይሆናል። በማዕዘኑ በኩል ቡና የፈሰሰበት የሚመስል ቡናማ ክብ ነበር። ሦስታችንም አይተነዋል። አንዳችንም ስለ ጣራው አልጠየቅንም። ያሰብነው «ሰፊውን ከመረጥን እሱንም ይሸፍነዋል» ብለን ነው።

ሰኔ ላይ እትዬ ኪራይ ሊጨምሩ እንደሆነ ነገሩን። «ቤቱ እኮ አሁን ሌላ ቤት ሆነ» አሉ። እኛ ደግሞ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ጠቀስን፦ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ያነሰ ሊሆን አይችልም፤ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ይፋ በሚያደርገው መጠን እንጂ አከራይ ደስ ባለው ቀን አይደለም። እትዬ ተከፉ። «ጌጡን የመረጣችሁት እናንተው አይደላችሁም?» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ሐምሌ ገባ። አንድ ሌሊት ሲያወርደው አድሮ፣ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ሊገባ ሲል፣ አንድ ሜትር የሚሆን ቅጠላ ቅጠል ከነአበባው ተገንጥሎ ፍራሽ ላይ ወደቀ። የፍራሹ ባለቤት የሌሊት ፈረቃ ስለነበረች ተረፈች። መብራት አብርተን ወደ ላይ ስናይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አየን። ስንጥቁ ውስጥ የተጠቀጠቀ ነገር ነበር። ስበን አወጣነው፦ ጋዜጣ። በጀሶ ውኃ የበሰበሰ፣ ፊደሉ የጠፋ ጋዜጣ። ጋዜጠኝነት ተምረን የተመረቅን ሰዎች ነን፤ የሙያችንን ጥቅም በዓይናችን አየን።

ጠዋት እትዬ መጡ። የወደቀውን አንስተው አገላበጡት። «ይለጠፋል» አሉ። ጣራውስ ስንላቸው በመገረም አዩንና የዚህን ጽሑፍ ርዕስ ሰጡን፦

«ጣራን ማን ያየዋል ልጆቼ?»

ኮርኒስ ከየት መጣ?

ቃሉን እንመርምረው። «ኮርኒስ» የጣሊያን ቃል ነው። ባለቤቶቹ «ኮርኒቼ» ሲሉ ጠርዝን፣ ክፈፍን፣ ግድግዳ አናት ላይ ወጣ ብሎ የሚዞረውን ጌጥ ማለታቸው ነው። እኛ ቃሉን ስንወስድ የጠርዙን ስም ለሙሉው ሰማይ ሰጠነው። አማርኛችን ውስጥ ኮርኒስ ማለት ከራስ በላይ ያለው ነገር ሁሉ ነው። ጠርዙ ራሱ ስም አልባ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ «የኮርኒስ ጌጥ» እያልን በዙሪያው እንዞራለን። ጀሶም፣ ከታች ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ዞኮሎም፣ የሰፈራችን ስም ፒያሳም ከዚያው አገር የመጡ ናቸው። ቃል መዋስ ነውር የለውም። የሚያስከፋው ቃሉን ወስደን ሥራውን ረስተን መምጣታችን ነው።

ሥራው ምን ነበር? በጥንት የግሪክና የሮም ሕንፃዎች ኮርኒቼ ከግድግዳ አናት ላይ ወጣ ብሎ የሚሠራው የዝናብ ውኃ ግድግዳውን እየላሰ እንዳይወርድ ነው። ውኃው ጠርዙ ላይ ደርሶ ወደ መሬት ይንጠባጠባል፤ ግድግዳው ይድናል። ውበቱ በኋላ የተጨመረ ነው። ከቤት ውስጥ ያለውም ሥራ አለው፦ ግድግዳና ኮርኒስ የተለያየ ቁስ ናቸው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅ አንዱ ሲሳሳብ ሌላው አይከተለውም፤ መገናኛቸው ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ትከፈታለች። ጠርዙ ያችን መስመር ይሸፍናል። ልብ በሉ፦ ፀጉር የምታህል መስመርን ነው፤ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅን አይደለም።

እንግዲህ ውኃን ለመከላከል የተፈጠረውን ነገር እኛ ውኃን ለመደበቅ አዋልነው። በውኃ ፈንታ የደበቀንም ጀሶ ነው። ጀሶ ምንድን ነው? በአባይ ሸለቆ በጎሃ ጽዮን በኩል በገደሉ ላይ ተደራርቦ የሚታይ ድንጋይ ነው፤ ተቃጥሎ ይፈጫል፤ በውኃ ይለወሳል፤ ይደርቃል፤ ይጠነክራል። ተመልሶ በውኃ ሲርስ ግን ጥንካሬው ይለየዋል። የሚያፈስ ጣራ ሥር ጀሶ መስቀል ስኳር ዝናብ ላይ ማስጣት ነው።

«በድሃ ቤት ጌጥ አያምርም ልትሉን ነው?»

አይደለም። ይህን መልስ የሚጠብቁን ወዳጆች ስላሉን ቀድመን እንመልስ።

ጌጥ ባዕድ ነው አንልም። ደብረ ዳሞ ላይ ያሉት የቤተ ክርስቲያኑ የእንጨት ኮርኒስ ክፍልፋዮች አራዊት ተቀርጾባቸዋል። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ኮርኒሱ ላይ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ተደርድረው ቁልቁል ያዩናል። ማንም «ይህ ቅንጦት ነው» ብሎ አያውቅም። ነገር ግን ልዩነቱን እዩ፦ እዚያ ጌጡ ያረፈው ጣራውን በተሸከመው እንጨት መካከል ነው። የሚያየው ሰው ጌጡን ሲያይ ሕንፃውን ያያል። የኛ ጌጥ ግን ሕንፃውን እንዳናይ የተሰቀለ መጋረጃ ነው።

ከዚያ ቀረብ ብለን ደግሞ የገዛ ሰፈራችንን እንይ። ከዓድዋ ድል በኋላ በተሠራው ስምንት ማዕዘን ጊዮርጊስ ዙሪያ አራዳ ሲቆረቆር የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ግንበኞችና አናጢዎች ከአገሬው ሠራተኛ ጋር ቤት ሠሩ። ሰፊ በረንዳ፣ ረጅም የጣራ ክፈፍ፣ ክፈፉ ጫፍ ላይ እንደ ጥልፍ የተበሳሳ እንጨት። አላፊ አግዳሚ ጥልፉን ሲያደንቅ፣ ክፈፉ ዝናቡን ከጭቃው ግድግዳ አርቆ ይጥል ነበር። ያ የአራዳ ጌጥ የእንጀራውን የሚሠራ ጌጥ ነበር። ጭቃ ቤት መቶ ዓመት የቆመው በተአምር አይደለም፤ ኮፍያውና ጫማው ደህና ስለነበረ ነው።

ከድሃውም ቤት እንጥቀስ። ብዙዎቻችን ያደግነው በአቡጀዲ ኮርኒስ ሥር ነው። ነጭ ጨርቅ ከማዕዘን ማዕዘን ተወጥሮ፣ ለበዓል ኖራ ተቀብቶ፣ ሌሊት አይጥ ሲሮጥበት እንደ ከበሮ እየተንኳኳ። አቅም ሲያጥር ማዳበሪያ ይሰፋል። እናቶቻችን ያንን የወጠሩት የቆርቆሮ ላብና ጥላሸት ወጡ ላይ እንዳይወርድ ነበር። አቡጀዲ አይዋሽም፦ ጣራው ሲያፈስ በማግስቱ ካርታ ይወጣበታል፤ አባት መሰላል ፈልጎ ይወጣል። ጀሶው ግን ሚስጥር ጠባቂ ነው፤ እስኪወድቅ ድረስ አይናገርም።

ስለዚህ የምንቃወመው ድሃ ማጌጡን አይደለም። የምንቃወመው ድሃ ለጌጡ ከፍሎ፣ በጌጡ ምክንያት ኪራይ ተጨምሮበት፣ በመጨረሻም ጌጡ ራሱ ላይ እንዲወድቅበት መደረጉን ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

እትዬ ክፉ ሰው አይደሉም። የሚያሰሉት ስሌት ትክክል ነው። ጣራ ላይ የወጣ ገንዘብ አይታይም፤ ተከራይ ጣራ ላይ ወጥቶ ምስማር ቆጥሮ አይከራይም። ጌጥ ላይ የወጣ ገንዘብ ግን ደላላ ያወራለታል፤ ፎቶ ያነሳዋል። ገበያው የሚከፍለው ለሚታየው ከሆነ አከራይ የማይታየውን የሚጠግነው ለጽድቅ ነው? ገበያውን የፈጠርነው ደግሞ እኛ ነን፤ በቡናማው ክብ ፊት ቆመን ስለ ቅጠላ ቅጠሉ ስፋት የተከራከርን።

ግን ታሪኩ ከእኛና ከእትዬ በፊት ይጀምራል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወረሰ። ወር ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ለተከራዩ እፎይታ ነበር፤ ዛሬም ድረስ በዚያ እፎይታ የኖሩ ቤተሰቦች አሉ። ለጣራው ግን ሞት ነበር። በዚያ ኪራይ ቆርቆሮ አይቀየርም። ተከራዩ «ቤቱ የመንግሥት ነው» ይላል፤ መንግሥት «የሚኖርበት እሱ ነው» ይላል፤ ዝናቡ ሁለቱንም አይጠይቅም። የጣራው ክፈፍ በሰበሰ፤ ጥልፉ ረገፈ፤ የረገፈውም ማገዶ ሆነ። እንዲህ ዐርባ ዓመት ከቆየ በኋላ ሰው መጥቶ «ይሄ ደሳሳ ምን ቅርስነት አለው?» ሲል መልስ አጣን።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚሁ ጊዮርጊስ አፍንጫ ሥር ተመረቀ። ወዲያው በኮሪደር ልማቱ የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ መንደሮች ፈረሱ። ሰው በየአቅጣጫው ሄደ። ከፈረሱት መካከል በእርግጥ ሊኖሩባቸው የማይገባ ቤቶች ነበሩ፤ እዚያ ያደገ ሰው ይህን አይክድም። እኛን የሚያንገበግበን ሌላ ነው፦ ያረጀ የጣራ ክፈፍን በጊዜው ለማደስ ገንዘብ የለም ተብሎ፣ ከዓመታት በኋላ ሁሉንም ለማፍረስ ግን ገንዘብ ይገኛል። ከመንገዱ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ቀለም ተቀብቶ መብራት ሲንጠለጠልበት፣ ከኋላው ያለውን ጣራ ማንም አይጠይቅም። ከተማዋም እንደ እትዬ ነች። እሷም «ጣራን ማን ያየዋል?» ትላለች።

ከፈረሰው ቤት የወጣው መቶ ዓመት የደረቀ እንጨት ባክኖ፣ በሌላ በኩል አዲስ ቤት የሚገባ ሰው ያንኑ ጥልፍ በፎም አስመስሎ የተሠራ ጠርዝ ይገዛል። ቅጂውን ገዝቶ ዋናውን የሚያነድ ሰው ምን ይባላል?

እንግዲያስ እንዴት ይሠራ?

መተቸት ቀላል ነው የሚለን እንዳይኖር፣ ፍራሻችን ላይ ወድቆ ያስተማረንንና በኋላ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ከሚላቸው አዛውንት አናጢ የተማርነውን እናካፍል።

አንደኛ፣ ጣራ። ጌጥ ከማሰባችሁ በፊት አንድ ሙሉ ክረምት ከኮርኒሱ ሥር እደሩ። በፀሐይ ቀን ኮርኒሱን ከፍቶ ራስን ማስገባትም ይቻላል፤ ቆርቆሮው ላይ ኮከብ ከታያችሁ ጌጡን ተዉት። ጋሼ «ቆርቆሮ መቀየር ያልቻለ ጀሶ አይግዛ» ይላሉ።

ሁለተኛ፣ ልክ። ዝቅ ያለ ክፍል ሰፊ ጠርዝ አይወድም፤ ሰፊው ኮርኒሱን ይበልጥ ያወርደዋል፤ ክፍሉ ሳጥን ይሆናል። እንደኛ ላለ ክፍል ከአምስት እስከ ስምንት ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ቅርጹም ቀለል ያለ ይሁን። ቅጠላ ቅጠሉ ለአዳራሽ ነው፤ አቧራውን የሚጠርገው ሰው ያውቀዋል።

ሦስተኛ፣ ቁስ። ጀሶ ለደረቅ ክፍል ጥሩ ነው፤ ሲሰበርም ይጠገናል። እንጨት ለሚላወስ ቤት ይሻላል። ፎም ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን እሳት ይወዳል። ከሰልና ቡታ ጋዝ በሚነድበት ክፍል ከራሳችን በላይ ፎም መስቀል አንመክርም።

አራተኛ፣ አሰቃቀል። የጭቃ ቤት ማዕዘን ዘጠና ዲግሪ ሆኖ አያውቅም። ሠራተኛው ሳይለካ ሁሉንም አርባ አምስት ዲግሪ ከቆረጠ መጋጠሚያው አፉን ይከፍታል፤ ያንን በስቱኮ ሞልቶ ይሄዳል። ማዕዘን በማዕዘን ይለካ። ግድግዳው ላይ የላላ ቀለም ይፋቅ፤ ዙሪያውን ውኃ ልክ በክር ይመታ። ከባድ ጀሶ በማጣበቂያ ብቻ አይሰቀል፤ እንጨት ላይ በቪት ይታሰር። የሚላወስ ቤት ከሆነ ወይ ግድግዳው ላይ ወይ ኮርኒሱ ላይ፣ አንዱ ላይ ብቻ ይታሰር፤ ሁለቱንም ከያዘ በተላወሱ ቁጥር ይሰነጠቃል።

አምስተኛ፣ ስንጥቅ። ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካያችሁ ቤቱ እየተናገረ ነው። ጋዜጣ አትጎስጉሱበት። ስሙት።

ምን እንላለን?

ለእኩዮቻችን፦ ቤት ስታዩ መጀመሪያ ወደ ማዕዘኑ እዩ። ቡናማ ክብ ካለ ስለ ጣራው ጠይቁ፤ ጥያቄውን ውል ላይ አስጽፉት። በጌጥ ስም የሚመጣ ጭማሪ ሲገጥማችሁ አዋጅ እንዳለ አትርሱ። ፎቶ ለመላክ አትከራዩ።

ለአከራዮች፦ ለቆርቆሮ ያወጣችሁት ገንዘብ አይታይም ብላችሁ አትፍሩ። ክረምት ያልፈሰሰበት ቤት ተከራይ አይለቅም፤ ደላላም አያስፈልገውም።

ለከተማው፦ በጊዮርጊስ ዙሪያ የቀሩት ጥቂት አሮጌ ቤቶች ዛሬም በየክረምቱ እየፈሰሱ ነው። ከፊት ለፊታቸው የሚንጠለጠለውን መብራት ዋጋ ጣራቸው ላይ አውሉት። ቤት ለማፍረስ ምክንያት የሆነው እርጅና ሰማይ የጣለው መቅሠፍት አይደለም፤ ያልተቀየረ ቆርቆሮ ውጤት ነው። ሳታድሱ አስረጅታችሁ፣ ስላረጀ አፈረስነው አትበሉን።

የእኛ ነገር እንዲህ አለቀ። ለተሰበረው ጌጥ ማስለጠፊያ ሊወጣ የነበረውን ገንዘብ እትዬ ቆርቆሮ እንዲገዙበት ለመንናቸው። «ክፍተቱስ? ነውር አይሆንም?» አሉ። አይሆንም አልን። ጋሼ ነሐሴ መግቢያ ላይ ሦስት ቆርቆሮ ቀየሩ። ማዕዘኑ ላይ አንድ ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ እስከ ዛሬ አለ፤ እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ምን ሆኖ ነው?» ይላል። ሌሊት ዝናብ ሲጀምር ሦስታችንም መብራት አብርተን ወደዚያ እናያለን። ደረቅ ነው። ተመልሰን እንተኛለን።